ሰዓቷ ያልመዘነችው ድንጋይ

ጽድ በር፣ ከመሐል ሜዳ ወዲህ
ቅዳሜ፣ የካቲት 26 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለልጅ ልጄ ለእስከዳር፣
ፀሐይ ከእኛ ቀድማ በምትጎበኘው በጃፓን አገር

አዋጅ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከየካቲት መባቻ ጀምሮ በአያትሽ በኪዳነ ወልድ ቀበቶ ላይ አራተኛ ቀዳዳ ተበስቷል። ነገሩ ተራ እንዳይመስልሽ። ያ ቀበቶ በሦስት ቀዳዳ ተገዝቶ፣ በሦስት ቀዳዳ ስንት ፋሲካና ስንት ሠርግ ችሎ የኖረ የተከበረ ቀበቶ ነው። አሁን ግን ሆዴ ከዳው፤ ሱሪዬ በሰው ፊት ይወርድ ጀመር። አያትሽ ጌታነሽ ወስፌ አግላ በሳችው። ስትጨርስ ምን አለች መሰለሽ? «እንግዲህ አምስተኛው ቀዳዳ ላይ ሲደርሱ ለልጅቱ፣ ሰውዬው አልቋል፣ ቀበቶው ግን ደህና ነው ብለን እንልክላታለን።»

ከአዋጁ ቀጥሎ ሰላምታ። እንዴት ከረምሽ ልጄ? ብርዱ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል። ሁለት በጎች መንታ ወልደዋል። የበልጉ ዝናብ መጣሁ፣ መጣሁ እያለ እንደ አንቺ ያባብለናል እንጂ እስካሁን አልመጣም።

ይህን ሁሉ በስልክ ብነግርሽ ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን በስልክ ስቀልድብሽ «ኔትወርክ የለም» እያልሽ ትዘጊብኛለሽ። ያ ኔትወርክ ደግሞ ለጌታነሽ ሲሆን ይኖራል፣ ለእኔ ሲሆን ይጠፋል። ወረቀት ግን መሐል ላይ አይዘጋም። ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ትንሿን ቤት ተከራይቶ የሚኖረው መምህር ስንታየሁ ገጹን አንድ በአንድ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ይልክልሻል። ሳያነብ ስለማይልክ ስለ እሱ ክፉ አልጽፍም። መልካም ሰው ነው። ድምፁ ግን ለዘፈን አልተፈጠረም፤ ጠዋት ጠዋት ሲያንጎራጉር ዶሮዎቹ እንቁላል መጣል ያቆማሉ።

አሁን ወደ ጭንቀትሽ ልምጣ። ትናንት ዓርብ ስንታየሁ መንገዴን የምትቆጥረውን የእጄን ሰዓት መሐል ሜዳ ወስዶ መዝገቧን ከላከልሽ በኋላ መልእክትሽን ይዞልኝ መጣ። እንዲህ ይላል፦ «አባባ ምን ሆነው ነው? ሐሙስ ዕለት ገደል ወርደዋል። ማዶ ዳገቱ ላይ ሃምሳ ደቂቃ ቆመዋል፤ ወድቀው ነው? መንገዳቸው የሚያልቀው ደግሞ አንድ የማላውቀው ቤት ደጅ ላይ ነው። የማን ቤት ነው? ከጥምቀት ወዲህም ፍጥነታቸው ወርዶ ነበር። ታመው ደብቃችሁኛል። እውነቱን ንገሩኝ።»

ስንታየሁ እዚያው ሆኖ «ደህና ናቸው፣ ራሳቸው ይጽፉልሻል» ብሎ መልሶልሻል። ይኸው እየጻፍኩ ነው።

የቤቱ ጌታ ታላቅ ወንድሜ ገሠሠ ነው። ስሙን ሰምተሽ ይሆናል፤ ደጁን ግን አልረገጥሽም። ያላስረገጥኩሽ እኔ ነኝ።

በሰማንያ ዘጠኙ የመሬት ሽግሽግ ጊዜ አንቺ ገና ትድሂ ነበር። እኔ ፊደል የቆጠርኩ ሰው ነኝ ተብዬ የአካባቢያችን ኮሚቴ ውስጥ ገባሁ። ሥራዬ ገመድ መያዝ ነበር። መሬት የሚለካው በገመድ ነው፤ አንዱን ጫፍ እኔ እይዛለሁ፣ ሌላውን ሌላ ሰው። ገመድ ሲወጠር መሬት ያንሳል፤ ገመድ ሲላላ መሬት ይበዛል። ይህን ደግሞ አጥርቶ የሚያውቀው ጫፉን የያዘው ሰው ነው። የሁሉንም ማሳ ወጥሬ ለካሁ። የገሠሠ ተራ ሲደርስ ሰው ሁሉ ዓይን ዓይኔን ያየኝ ጀመር። ለወንድሙ አደላ እንዳይሉኝ ፈራሁ። ፈርቼም ገመዱን አላላሁት። ማሳው ከልኩ በላይ በዝቶ ታየ፤ ትርፍ ነው ተባለና ከምንጩ አጠገብ ያለው ደህናው ወገን ተቆርሶ ለሌላ ተሰጠ።

ገሠሠ ቆሞ ያይ ነበር። ቀረብ ብሎ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ኪዳኔ፣ ገመዱ ላልቷል» አለኝ። እኔ ደግሞ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ «ገመድ አይዋሽም!» አልኩት።

ከዚያች ቀን ወዲህ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ለቅሶ ቤት እሱ በቀኝ ሲቀመጥ እኔ በግራ እቀመጣለሁ፤ ገበያ ላይ ካየሁት ጨው የምገዛ መስዬ ፊቴን አዞራለሁ። በዚያን ዘመን ስንት ጨው እንደ ገዛሁ ጌታነሽን ጠይቂያት። ከወንድሙ የተጣላ ሰው ደግሞ ወደ ቅዱስ ቁርባን አይቀርብም። ልጅ ሆነሽ «አባባ፣ እርስዎ ለምን አይቆርቡም?» ስትዪኝ «ኃጢአቴ ገና አልበሰለም» እያልኩ አስቅሽ ነበር። ትዝ ይልሻል? አንቺ ትስቂያለሽ፤ ጌታነሽ ግን አትስቅም ነበር።

ባለፈው ሰኔ የጋሼ ገሠሠ ዓይን እንደ ደከመ፣ ከደጁ ፈቀቅ እንደማይል ሰማሁ። ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው። እኔም ብሆን በሠርግ የምጨፍር ጎረምሳ አይደለሁም። ሳንታረቅ ከሁለታችን አንዱ ቢሞት የቀረው ምን ሊል ነው? ክረምቱ ይውጣና እሄዳለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ነሐሴ ላይ ግን ጭቃ አዳልጦኝ እግሬ ተሰበረ። ወጌሻው አጥንቱን ገጥሞ፣ ቀርከሃ አስሮ፣ «እኔ አጥንቱን አስቀምጫለሁ፤ ሰውዬውን ማስነሣት የእናንተ ነው» ብሎ ሄደ።

የነፍስ አባቴን አባ ተክለጻድቅን አስጠርቼ ነገሩን አወጋኋቸው። «አባ፣ እንግዲህ እግሬ አይሆንም። በበቅሎ ልሂድ?»

«በበቅሎ የሚሄድ ሙሽራ ነው» አሉኝ። «ይቅርታ የሚለምን በእግሩ ይሄዳል፣ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ። ይህን ሥርዓት አንተው ራስህ ለስንቱ ስትነግር አልኖርክም?»

«ለሌላው ስነግር ቀላል ነበር አባ።»

«እንግዲያው እግርህን አድነው።»

መስከረም ላይ አንቺ ለዕረፍት መጣሽ። የደጁን መደብ ሙጭጭ ብዬ ይዤ አገኘሽኝና አሮጌዋን የሩጫ ሰዓትሽን ከእጅሽ ፈትተሽ በእጄ አሰርሽልኝ። «አባባ፣ ይህቺ ሰዓት ከሰማይ ካሉ ሳተላይቶች ጋር እየተነጋገረች የሄዱበትን ሁሉ ትመዘግባለች። በየሳምንቱ አየዋለሁ። ሁለት ደቂቃ ይሂዱ ስትል ይሄዳሉ፤ አንድ ደቂቃ ይረፉ ስትል ያርፋሉ» አልሽ። ወዲያው እሺ ስልሽ አልገረመሽም? እኔ በዕድሜዬ ወዲያው እሺ ያልኩት ለጌታነሽ አባት ብቻ ነው፤ እሳቸውም በትር ይዘው ነበር። አንቺ ለጤናዬ መሰለሽ። እኔ በልቤ ከጽድ በር እስከ ጋሼ ደጅ ያለውን መንገድ እቆጥር ነበር። ስንታየሁ በስልኩ ካርታ ላይ ለክቶልኛል፤ ስድስት ኪሎ ሜትር ተኩል ነው፣ መሐሉ ገደል።

የመጀመሪያው ሳምንት ከበር እስከ አጥር ሄዶ መመለስ ነበር። ሰዓቷ ክንዴ ላይ ስትንቀጠቀጥ ዘልዬ ጌታነሽ ላይ ወደቅኩ፤ «አርባ ዓመት ያላደረጉትን!» ብላ ገፈተረችኝ። ጥቅምት ላይ ምንጩ ዘንድ ደረስኩ። አንድ ኪሎ ሜትር ሞላ ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጮህ አንድ ኪሎ ቅቤ የተሰጠኝ ያህል ደስ አለኝ። ያን ቀን ላገኘሁት ሰው ሁሉ እጄን እያሳየሁ ነበር። አንዱ እረኛ «አባባ፣ ስንት ሰዓት ነው?» ቢለኝ «ይህቺ እንዲህ ያለ ተራ ነገር አትናገርም» አልኩት። እውነቱን ለመናገር ሰዓቱ የት ጋ እንደሚታይ አላውቅም ነበር።

ኅዳር ላይ ስላጠፋሁት ጥፋት ታውቂያለሽ፤ ግን አንድ ጊዜ በጽሑፍ ይቀመጥ። ከጓሳ የሚወርደው ነፋስ እንደ ምላጭ ይቆርጣል፤ ሜዳው ውርጭ ለብሷል። እኔም አልጋዬን ወደድኩ። ሰዓቷን ከአውራው በግ አንገት ላይ አስሬ ለግጦሽ ላክሁት። ቅዳሜ የመጣልኝ መልእክትሽ «አባባ፣ ማክሰኞ ዕለት አምስት ሰዓት ሙሉ ሣር ሲግጡ ነው የዋሉት?» ይላል። «ሣሩ ለምለም ሆኖ አገኘሁት» ብዬ አስመለስኩልሽ። አንቺ ሳቅሽ። እኔ ግን ያን ዕለት አንድ ነገር ገባኝ። «ሰዓቷ አትዋሽም» ብለሽኝ ነበር። እኔም «ገመድ አይዋሽም» ብዬ ነበር። ሁለቱም አይዋሹም፤ የያዛቸው ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ በግ አልላክሁም። በጥምቀት ሰሞን አምስት ኪሎ ሜትር ደረስኩ። ደረቴን ነፍቼ ገባሁና «ጌታነሽ፣ እንግዲህ ዝግጁ ነኝ» አልኳት።

«ድንጋዩንስ?» አለችኝ፣ ቀና እንኳ ሳትል።

«የምን ድንጋይ?»

«የይቅርታውን ድንጋይ ነዋ! ማን ሊሸከምልዎ ነው? ሰዓቲቱ?»

እስኪ ፍረጂኝ! አራት ወር ሙሉ ባዶ ማጅራት ይዤ ስለማመድ ኖሬአለሁ። አሠልጣኟ ጃፓን፣ ሠልጣኙ መንዝ፣ አባ ተክለጻድቅ መሐል ላይ፤ ድንጋዩን ያስታወሰ አንድ ሰው የለም። ወዲያው ድንጋይ ፍለጋ ወጣሁ። የሜዳው ድንጋይ ጠርዙ ይወጋል። የወንዙ ድንጋይ ይንሸራተታል። በመጨረሻ ለማጅራት የተፈጠረ ድንጋይ ጓዳ ውስጥ አገኘሁ፤ የጌታነሽ መጅ። በእህል ሲታሽ ኖሮ ልስልስ ብሏል፣ መሐሉም ጎደል ያለ ነው።

«ሽሮዬን በምን ልፈጭ ነው?»

«በወፍጮ ቤት።»

«የወፍጮ ቤት ሽሮ አልወድም እያሉ አርባ ዓመት ያንገበገቡኝ ማን ነበሩ?»

እንዲህ እየተጨቃጨቅን መጁ የእኔ ሆነ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መጅ በማጅራቴ፣ ሰዓት በእጄ፣ ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን መመላለስ ያዝኩ። ሰው አይቶ እንዳይጠይቀኝ ጋቢዬን ከላይ ደርቤ ነው የምሄደው፤ ጎባጣ ሽማግሌ መሰልኩ። ሰዓቷ እርምጃዬን ትቆጥራለች እንጂ ሸክሜን አታይም። አንቺም ፍጥነቴ ወርዶ ስታዪ «ደክመዋል፣ ይረፉ፣ እንቁላል ይብሉ» ብለሽ አዘዝሽ። እንቁላሉን ከረቡዕና ከዓርብ በቀር ሳላጓድል በላሁ። ዕረፍቱን ግን ይቅር በይኝ። ለቅበላ መድረስ ነበረብኝ፤ ዓቢይ ጾምን ሌላ አንድ ዓመት ቂም ይዤ መግባት አልፈለግሁም።

እንግዲህ ሐሙስ፣ የተክለ ሃይማኖት ዕለት፣ ማለዳ ተነሣሁ። አባ ተክለጻድቅ ሽማግሌ ሆነው ቀድመው ሄደዋል። ስንታየሁ ደግሞ «ብቻዎን አልለቅዎትም» ብሎ ከዳይሬክተሩ ፈቃድ ጠየቀ። ምክንያቱን ቢሉት «ውድድር አለብን» አለ አሉ። ጌታነሽ መጁን ራሷ አንሥታ ማጅራቴ ላይ አስቀመጠችልኝ። ትቀልዳለች ብዬ ስጠብቅ ጋቢዬን አስተካከለችና ጀርባዬን ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጋ ተመለሰች።

ቁልቁለቱን በደህና ወረድኩ። ወንዙ ዘንድ ስደርስ ሰዓቷ «ዕረፍ» ብላ ተንቀጠቀጠች። ሥርዓቱ ደግሞ ተበዳዩ «ጣለው» እስኪል ድንጋዩን መሬት አታስነካ ይላል። አንዷ ዕረፍ ትላለች፣ ሌላው አትጣል ይላል። ሁለቱንም አከበርኩ፤ ድንጋዬን እንደ ተሸከምኩ ቆሜ ዐረፍኩ።

ከወንዙ ማዶ ያለውን ዳገት ከልጅነትሽ ጀምሮ ከሩቅ ታውቂዋለሽ፤ ፍየልም ሳትመርጥ አትወጣውም። ሦስት እርምጃ ስሄድ አንድ እርምጃ ያንሸራትተኛል። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፤ የምጠርግበት እጅ የለኝም፤ በሁለት እጄ ድንጋይ ይዣለሁ። ስንታየሁ ከኋላዬ መጥቶ «አባባ፣ ትንሽ ልያዝልዎ» አለ።

«አንተ ምን አጠፋህና?» አልኩት።

ከዳገቱ መሐል ግን ፈራሁ። ድካሙን አይደለም። ጋሼ «ተመለስ» ቢለኝስ? መብቱ ነው። እስካሁን ያልሄድኩ ሰው ነበርኩ፤ ሄዶ የተከለከለ ሰው መሆን ከዚያ ይከፋል። ቀና ብዬ ሳይ ሰማዩ ይነድዳል፤ ዝቅ ብዬ ሳይ የመጣሁበት ገደል። ወደ ታች መመለስም እንደ መውጣቱ ከባድ ሆኖ ስላገኘሁት ወጣሁ። ጀግንነት እንዳይመስልሽ።

ስንታየሁ በኋላ እንዳስረዳኝ ሰዓቷ እጅግ የዘገየ ሰው ሲገጥማት ቆሟል ብላ መቁጠሯን ትተዋለች። እንግዲህ ልጄ፣ ሃምሳ ደቂቃ አልቆምኩም። ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ እየወጣሁ ነበር። ያቺን ዳገት ያየልኝ እግዚአብሔርና ስንታየሁ ብቻ ናቸው።

ጋሼ ደጁ ላይ አጎዛ አንጥፎ፣ በርኖሱን ደርቦ ተቀምጧል። አባ ተክለጻድቅ አጠገቡ ቆመዋል። ዓይኑ ወደ እኔ ነው፤ የሚያየው ግን እኔን ሳይሆን ኮቴዬን ነው። ከደጁ ላይ ተንበረከክሁ።

«ገሠሠ፣ ወንድምህ መጥቷል፤ ስለ እግዚአብሔር ብለህ ማረው» አሉ አባ ተክለጻድቅ።

ዝም አለ።

«ስለ እመቤታችን።»

ዝም። ሥርዓቱ እንደዚያ ነው፤ ተበዳይ ቶሎ አይመልስም። ሥርዓቱን ባውቅም ልቤ ግን ሥርዓት አያውቅም። አሥራ ዘጠኙ ዓመት እንደዚያች ዝምታ አልረዘመብኝም።

«ስለ ተክለ ሃይማኖት ብለህ።»

«ኪዳኔ ነህ?» አለ።

«ነኝ ጋሼ።»

«ትንፋሽህ እንደ ወናፍ ነው። በምን መጣህ?»

«በእግሬ።»

«እግሩ ተሰብሯል ብለውኝ ነበር።»

«ተጠግኖ።»

«ድንጋዩ ከየት ነው?»

«የጌታነሽ መጅ ነው።»

«መጇን ሰርቀህ ነው ይቅርታ የምትለምነኝ? አንዱ ጥል ሳያልቅ ሌላ ልትጀምር!»

አባ ተክለጻድቅ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። አፌ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የያዝኩት ቃል ነበር። በጉልበቴ እየተሳብኩ ወደ እሱ ቀረብኩና «ገመዱ ላልቶ ነበር ጋሼ» አልኩት። «ያላላሁት እኔ ነኝ። ሳላውቅ አይደለም፤ አውቄ ነው። ሰውን ፈርቼ ነው።»

ጋሼ አንገቱን ደፋ። በዚያች ቅጽበት ያቺ ያንቺ ሰዓት ጮኸች! ዳገቱን ያልቆጠረች ሰዓት የጉልበቴን መሳብ መሄድ ነው ብላ ቆጥራው ኖሯል።

«ምንድን ነው የሚጮኸው?»

«የልጅ ልጄ የእስከዳር ሰዓት ናት። ጃፓን አገር ያለችው ሯጭ። ያዳነችኝ እሷ ናት።»

«ምን ትላለች?»

«ዕረፍ ነው የምትለኝ፣ ጋሼ።»

ከዚያ «እንግዲህ ልጅቱ ካለች ዕረፍ» አለ። «ጣለው።»

መጁ ሲወድቅ መሬቱ ተሰማኝ። ጋሼ እጁን እየዳበሰ አንገቴን አገኘውና እንደ ሕፃን ልጅ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ፤ በርኖሱ እስኪርስ ድረስ አለቀሰ። እኔ ግን የመንዝ ወንድ ነኝ፤ ዓይኔን ደረቅ አድርጌ፣ ባለቅስም ማን ያየኛል ብዬ፣ የገብስ ክምሩን እያየሁ ጀርባውን አሻሸሁለት።

ከዚያማ ለቅበላ የተቀመጠው በግ ቀኑ ሳይደርስ ታረደ። ሰዓቷን ለስንታየሁ ሰጥቼ ወደ ቤት ሸኘሁት፤ እኔ እዚያው አደርኩ። ስለ ተቆረሰው መሬት ሳነሣበት ጋሼ «ተወው፤ ያ ሰው ሦስት ልጆች አሳድጎበታል። መሬቱን አልነበረም የከፋኝ» አለ። ምን እንደ ከፋው አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ደግሞ ትንሽ ቆይቶ «ያቺ ሰዓትህ መሬትም ትለካለች?» አለኝ።

«ትለካለች ይላል መምህሩ።»

«እንግዲያው እሷን አስረህ ማሳዬ ውስጥ እንዳትዞር።»

ዓርብ በጋሼ በቅሎ ተመለስኩ። ይቅርታ ካገኙ በኋላ በበቅሎ መሄድ ይቻላል፤ አባ ተክለጻድቅን ጠይቄአለሁ። እንዴት ያለ ፍጥነት ነበረኝ መሰለሽ! ሰዓቷ እጄ ላይ ባለመኖሯ ቆጨኝ። አባ «በርትተህ ከጾምክ ለትንሣኤ ትቆርባለህ» ብለውኛል። ጌታነሽ ይህን ስትሰማ ሄዳ መጇን አጠበችና ቦታው መለሰችው። ያጠበችው ረዘም ላለ ጊዜ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ አንቺ። ስለ ጉልበትሽ ሕመም ስንጠይቅሽ ስለ ጃፓን በረዶ ትነግሪናለሽ። ስንታየሁ እንዳለኝ፣ የአንቺም መንገድ እዚያው መዝገብ ላይ ይታይ ነበር፤ ከገና ወዲህ ግን አንድም መስመር የለም። አንቺ እኛን ስታዪ እኛ አንቺን አናይም መስሎሽ ነበር? አልጠይቅሽም። ሲመችሽ ትነግሪናለሽ። እስከዚያው አንቺው ያስተማርሽኝን ልመልስልሽ፤ ሰዓትሽ ዕረፊ ስትልሽ ዕረፊ። ከበር እስከ አጥር መሄድም መሄድ ነው። ሰው ሁሉ ዓይን ዓይኔን አየኝ ብለሽ ደግሞ ያመመሽን እግር አታስጨንቂው፤ ሰውን ፈርቶ የተደረገ ነገር ስንት ዓመት እንደሚያስከፍል አሁን ነግሬሻለሁ። ለዘለቄታው ተመለሺ ቢሉሽም ቤትሽ አለ፤ አውራው በግም በሰላም አለ፤ ይናፍቅሻል።

ዳገት ሲገጥምሽ ትንፋሽ ይስጥሽ፤ ቁልቁለት ሲገጥምሽ ጉልበት፤ ሜዳ ሲሆን ደግሞ አብሮሽ የሚሄድ ሰው። እግርሽ የረገጠው ይለምልም፤ የተሰናከለብሽ ድንጋይ መቀመጫሽ ይሁን። ቅድስት ሥላሴ ከክፉ ዓይንና ከክፉ ጫማ ይጠብቁሽ። ጌታነሽ «ትብላ ይበሉልኝ» ብላለች። ጋሼ ገሠሠ ደግሞ «ያቺን ጃፓናዊት ሳላያት እንዳልሞት» ብሏል፤ ቶሎ እንድትመጪ ሲል እንጂ እሱስ የሚሞት አይመስለኝም፤ የበጉን ቅልጥም ሁለቱንም ብቻውን ነው የጨረሰው።

የሚወድሽ አያትሽ
ኪዳነ ወልድ

ፈርሜ ከጨረስኩ በኋላ ይህ መምህር ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበና «አባባ፣ ይህን ፎቶ አላነሣም። ሐሰት አለበት፤ እኔ ቆሜ አይቻለሁ» አለኝ።

«በጉ ነው?» አልኩት።

«የበጉ እውነት ነው።»

«እንግዲያ ምኑ?»

«ልቅሶው።»

እሺ። ጋሼ ገሠሠ አላለቀሰም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ራሴን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ እናታችን ታደርገው እንደ ነበረው በጣቶቹ ፀጉሬን እየዳበሰ፣ «ድሮም አልቃሻ ነበርክ፤ በል ይውጣልህ» ይለኝ ነበር። እኔም አባ ተክለጻድቅ ባሉበት፣ ስንታየሁ እያየኝ፣ አላፈርኩም።

በርኖሱ መራሱ ግን እውነት ነው።